ቀለህ ማጠቡ አያስቸግርም፣ ማድረቁ ነው ጉዱ

ለቀለበት፣ ለዶቃ ወይም ለማቅለጫ የሚሆነው ባዶ የጥይት ቀለህ ነው። አረሩ ያልወጣ ወይም ቂጡ ላይ የመርፌ ምት የሌለበት ካገኛችሁ አትንኩት፣ ለፖሊስ አሳውቁ። ወሎ ውስጥ ከጦርነቱ የተረፈ ብዙ አለ።

በ2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በጥብጡ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት። በሎሚ እንሥራ ካላችሁ 15 ያህል መጭመቅ ነው፤ ዱቄቱ ይረክሳል። ቀለሁን ነክራችሁ በየመሃሉ እየናጣችሁ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ወደ ሮዝ ይቀላል፤ ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ፣ አሲዱ ዚንኩን በልቶ መዳቡን አስቀረ ማለት ነው። ጨው አትጨምሩ፣ በረኪና ደግሞ በጭራሽ። ሁለት ጊዜ አለቅልቁ፣ በመጀመሪያው ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጣሉበት።

የቤት ሳፋ አትጠቀሙ። ጥቀርሻው ውስጥ እርሳስ አለ፤ እጥበቱን ጓሮ አትክልት ላይም አትድፉት።

አሁን ማድረቁ። አፉን ወደታች ደፍታችሁ አንጠፍጥፉ። ከአናጢ ቤት ደቃቅ የዋንዛ ሰጋቱራ አምጡ (የጽድ ሙጫው ይጣበቃል)፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ቀለሁን ከእሱ ጋር ጆንያ ውስጥ አንከባልሉና ንፉት። ያንን ሰጋቱራ ምድጃ ውስጥ እንዳትማግዱት፣ እርሳሱ እዚያው ነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ። ኮምቦልቻ ላይ ይሆናል፤ ደሴ ጭጋግ ከጣለ ግን ለምግብ የማይውል አሮጌ ምጣድ አሙቃችሁ እጅ እስኪያስችል ሲበርድ አስጡበት።

መድረቁን ለማወቅ ጥቂቱን ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ከድናችሁ ፀሐይ ላይ አኑሩ። ብርጭቆው ከውስጥ ላብ ከያዘ ገና አልደረቀም። ውሃው የሚደበቀው ቂጡ ላይ ባለችው ቀዳዳ ሥር ነው። ለምን እንዲህ አጠበቅኩት? የቀለጠ ናስ ከ900 ዲግሪ በላይ ይግላል። እርጥብ ቀለህ ሲገባበት ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የቀለጠውን አንጥረኛው ፊት ላይ ይረጨዋል።

የደረቀውን ከበሬ ወይም ከበቅሎ ጋጣ አርቁት። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ጋጣ ያስቀመጡት ጥይት ቀለሁ ይሰነጠቅባቸው ነበር፤ ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲታወቅ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ሆኖ ተገኘ። ለቀለበት ያሰባችሁት ቀለህም እንዲሁ ሊሰነጠቅባችሁ ይችላል፤ ለማቅለጫ የሚሄደው ግን ቢሰነጠቅም ግድ የለውም።