የተገኘው ፓስፖርት

በመሥሪያ ቤታችን ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ቪዛው፣ ቲኬቱ፣ ሆቴሉ። ስልኬ በማይሆን ሰዓት የሚጮኸውም በዚሁ ሰበብ ነው።

አንድ ባልደረባችን ለሥልጠና በሄደበት አገር ፓስፖርቱ ጠፋበት። የረጋ ሰው ነው፤ ብዙም አልተደናገጠም። ፖሊስ ጣቢያ አመለከተ፣ ማስረጃውን ይዞ ኤምባሲ ቀረበ፣ ለመመለሻ የሚሆን ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ምትክ የሚያገለግል ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ፣ ተሰጠው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

በመመለሻው ዋዜማ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ፓስፖርቱ ከጃኬቱ ገበር ውስጥ ተገኘ። ለካ ኪሱ ተቀዶ ወደ ውስጥ ሾልኮ ኖሯል። "ተገኘ!" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ተኝቻለሁ። ጠዋት መልእክቱን አይቼ ስደውልለት ስልኩ አይነሳም። ሊሴ ፓሴውን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ፣ ሻንጣውንም ለጭነት አስረክቦ፣ በፓስፖርቱ ሊወጣ ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርፖል ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጠፉና የተሰረቁ የጉዞ ሰነዶች የሚመዘገቡበት የመረጃ ቋት አለው። ፓስፖርት ጠፋ ብለው ሲያመለክቱ ይሰረዛል፤ ያወጣው አገርም ቁጥሩን ወደዚያ ቋት ያስገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ አገር ድንበር ላይ ሲፈተሽ "የጠፋ ነው" የሚል ምልክት ይመጣል። ባለቤቱ ኪሱ ውስጥ እንዳገኘው ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል? ፎቶው የራስህ ቢሆንም ሰነዱ ሞቷል።

ወደ ጎን ወስደው አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ቀጥሎ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት አምጥተው ፈርም አሉት። ደግነቱ ስልኩን አልወሰዱበትም፤ ደወለልኝ።

"ዝም ብዬ ፈርሜ ልገላገል እንዴ?"

"ተው! ያላነበብከውን አትፈርም። አስተርጓሚ ጠይቅ። ኤምባሲዬ ይነገርልኝ በል።"

"እንደዚህ ማለት ይቻላል?"

ይቻላል። የ1963 (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። የተያዘ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ለቆንስላው ሳይዘገይ መነገር አለበት። ይህ መብት እንዳለውም የያዙት ሰዎች ራሳቸው ሊነግሩት ይገባል። ሳትጠይቅ የሚነግርህ ካገኘህ ግን ዕድለኛ ነህ። ቆንስላም ቢሆን ተአምር አይሠራም። ለዳኛ ትእዛዝ አይሰጥም፣ ከሕግ በላይ ሆኖ አያስፈታም። ማንነትህን ያረጋግጣል፣ ጠበቃ እንድታገኝ ይረዳል፣ ለቤተሰብህ ያሳውቃል። በዚያ ሰዓት ይኼም ቀላል አይደለም።

የቆንስላው ሰው ደውሎ ማንነቱን አረጋገጠላቸው። ሻንጣው ከጭነት ተመለሰ፣ ሊሴ ፓሴው ወጣ፣ ሰውዬውም ተለቀቀ። አውሮፕላኑ ግን ሄዷል።

አሁን ለተጓዥ በምሰጠው ወረቀት ላይ የኤምባሲው ስልክ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩም "ጠፋ ብለው ያመለከቱበት ፓስፖርት ቢገኝ አይጓዙበት፤ ለኤምባሲ ይመልሱ" የሚል መስመር ጨምሬያለሁ። ባልደረባችን ባየው ቁጥር "ስሜን ብቻ ነው ያልጻፍሽው" ይለኛል። የሁለተኛውን ቲኬት ሒሳብ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አልተቋጨም።