ጥፋቱ የግድግዳው አልነበረም

ዛሬ ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ። ደሴ፣ እናቴ ቤት ነኝ። የዘንድሮ ክረምት የጓዳውን ግድግዳ ጎድቶት ነው የወጣው። እኔ ላዩን መርጌ በግማሽ ቀን የምገላገል መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ግን ገና በር ላይ ቆመው፣ «መጀመሪያ ውሃው በየት እንደገባ አሳየኝ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ቆርቆሮው ደህና ነው። አሸንዳው ግን መገጣጠሚያው ላይ ተከፍቷል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እዚያች ጥግ ላይ ሲወርድ ከርሟል። ግድግዳውን በጣቴ ነካ ሳደርገው ምርጊቱ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ። ውስጡን ደግሞ ምስጥ ጨርሶታል። የባህር ዛፉ ማገር ከላይ ሲያዩት እንጨት ነው፣ ሲይዙት ዱቄት። አጠገቡ ያለው የጽድ ቋሚ ግን ንክች አላለም!

አሸንዳውን አስጠገንኩ። የበሰበሰውን አውጥቼ አዲስ ማገር መታሁ። ጭቃውን እማዬ ከጤፍ ጭድ ጋር ከ4 ቀን በፊት አስቦክታው ነበር። ጭድ ካነሰው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሷ ደግሞ በጭድ አትሰስትም። ረከቦቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ስትታዘበኝ ቆየችና፣ «አብሽር ልጄ፣ በስልክህ እያየህ ቢሆን ይሄኔ ጨርሰህ ነበር» አለችኝ።

በረካውን ጠጥቼ ተነሳሁ። በእበት የሚለሰነው ይሄኛው ከደረቀ በኋላ ነው። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ጭቃ ግን እስከ ጥምቀትም የሚለቅ አይመስለኝም።