የሞድሪች ፓስ እና የእኔ ቁርጭምጭሚት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ፓስ ሰጠሁ። አንድ ብቻ። ግን ስምንት ወር የለፋሁባት ስለሆነች ካልጻፍኳት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለማታውቁኝ፦ ዕድሜዬ 34 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ በሰዓት እየተከራየን እንጫወታለን። ድሮ ተከላካይ ነበርኩ። ያው በሰፈር ኳስ ተከላካይ ማለት አብዶ የማይችል ልጅ የሚገፋበት ቦታ ነው። ዓምና የመሐል ተጫዋቻችን ውጭ አገር ሄደና ቦታው ባዶ ሆነ። እኔ ገባሁ። ማንም አልመረጠኝም፣ ማንም አልተቃወመኝም።

ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አላወራም። ከግድግዳ ጋር መቀባበል፣ ኳስ ሳይደርስ ዞር ብሎ ማየት፣ በአንድ ንክኪ መልቀቅ። ይሄን ዩቲዩብ ሞልቶታል።

አስተማሪዬ ክሮኤሺያዊው የመሐል ተጫዋች ሉካ ሞድሪች ነው። የመረጥኩት በባሎን ዶሩ፣ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በሚሰጠው ሽልማት፣ አይደለም። ሰውዬው ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሯጭ የሚባልም አይደለም። ልጅ እያለ የአገሩ ክለብ ሃይዱክ ስፕሊት አልተቀበለውም፤ ሰውነቱ አነሰባቸው። ዲናሞ ዛግሬብ ወሰደውና በ2003 ለዝሪንስኪ ሞስታር አዋሰው። በ18 ዓመቱ ቦስኒያ ውስጥ ከግዙፍ ተከላካዮች ጋር ሲጋፋ ከረመ። በ2008 ቶተንሃም፣ በ2012 ሪያል ማድሪድ። ማድሪድ በገባ በጥቂት ወር ውስጥ የማርካ ጋዜጣ አንባቢዎች የዓመቱ መጥፎ ግዢ ብለው መረጡት። ከስድስት ዓመት በኋላ ሜሲና ሮናልዶ አሥር ዓመት የተፈራረቁበትን ባሎን ዶር ወሰደ። ማድሪድን በ2025 ሲለቅ ስድስት ቻምፒዮንስ ሊግ ይዞ ነው። እኔ ሁለት ቅዳሜ ተከታታይ ፓስ ሲበላሽብኝ ያቺን የማርካ ምርጫ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። በውጪ እግር፣ ማለትም በእግሩ የውጪ ጎን፣ የሚሰጣት ፓስ።

ሚያዝያ 2022፣ የማድሪድ ሜዳ በርናባው፣ ከቼልሲ ጋር የቻምፒዮንስ ሊግ የመልስ ጨዋታ። ማድሪድ የመጀመሪያውን ጨዋታ 3 ለ 1 አሸንፎ ቢመጣም አሁን በሜዳው 3 ለ 0 እየተመራ ነው። 80ኛው ደቂቃ ላይ ሞድሪች ከግራ በኩል በቀኝ እግሩ ውጪ ኳሷን በተከላካዮቹ አናት አሳልፎ ጣላት። ሮድሪጎ መሬት ሳትነካ መታት፤ ገባች። በጭማሪው ሰዓት ቤንዜማ በቴስታ ጨረሰው፣ ማድሪድ በድምር 5 ለ 4 አለፈ። ያቺን ፓስ መቶ ጊዜ ሳላያት አልቀርም። ሰው ለማማር ያደረጋት ይመስለዋል። አይደለም። በውስጥ እግሩ ሊሰጥ ቢል ገላውን ማዞር ነበረበት፤ ሲዞር ደግሞ ተከላካዩ ይነቃል። በውጪ እግር ስትመታ ገላህ እንዳለ ነው። የምታተርፈው ጊዜ ነው፣ ያቺን ግማሽ ሰከንድ።

እኔ ይሄ ሳይገባኝ ነው ልምምድ የጀመርኩት። የኮንዶሚኒየማችን ግድግዳ ላይ በቀን ሁለት መቶ። ጥበቃው ጋሼ በሦስተኛው ቀን መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ምን በደለህ?» አሉኝ። ግድግዳው ምንም አላለም፣ ቁርጭምጭሚቴ ግን አበጠ። ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ፤ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ። ስለዚህ ምክር ቁጥር አንድ፦ በቀን ሃምሳ ይበቃል። ምክር ቁጥር ሁለት የለኝም።

ከዚያም በኋላ ኳሷ እምቢ አለች። አንዴ በጣቴ እነካትና ትሽከረከራለች፣ ወደፊት አትሄድም። አንዴ እግሬ ይላላና ፓሷ የሞተች ትሆናለች። ሁለት ወር ጥፋቱን እግሬ ላይ ፈለግኩ። አንድ ጓደኛዬ በስልክ ቀርጾ ቀስ አድርጎ ሲያሳየኝ ጥፋቱ የቆምኩበት ግራ እግሬ ነው! ኳሷ ሥር ተለጥፎ ቆሟል። ቀኝ እግሬ ማለፊያ ስለሌለው ወደ ኋላ እጋደማለሁ። ግራ እግሬን አንድ ጫማ ያህል አራቅኩት፣ ከኳሷም ትንሽ ወደ ኋላ አደረግኩት። ጣቶቼን ወደ ታችና ወደ ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት ድርቅ። የምትመታው ከትንሿ ጣት በላይ ባለው አጥንት ነው፣ ከኳሷ መሐል ትንሽ ወደ ግራ። ያኔ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች።

ግን አጥንቱን ያገኘሁት በታኬታ አይደለም። ብዙ ብር ያወጣሁበት ታኬታ ወፍራም ነው፤ በየት እንደመታሁ አይታወቀኝም። አንድ ቀን ስንፍና ይዞኝ በአሮጌ ሸራ ጫማ ወረድኩ። በመጀመሪያዋ ምት «አሃ፣ እዚህ ጋ ነሽ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ የምለማመደው በሸራ ነው። ውድ ጫማ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ።

ሌላም የማልስማማበት አለ። ቅንጭብ ቪዲዮ ሰው ያበላሻል። ቅንጭብ ላይ ሞድሪች ውጪ እግር ብቻ ያለው ይመስላል። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳሷን ትታችሁ እሱን ብቻ ተከተሉ። አብዛኛው አምስት ሜትር ፓስ ነው፤ ሰጥቶ ይንቀሳቀሳል፣ ሰጥቶ ይንቀሳቀሳል። እኔ ይሄን አውቄም ቢሆን ቅንጭብ ማየት አልተውኩም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በውጪ እግር ይህን ያህል የሙጥኝ ያልኩት ግራ እግሬ ስለማይሠራ ነው። አሠልጣኞች መጀመሪያ ደካማ እግራችሁን ሥሩ ይላሉ። ልክ ናቸው። ሞድሪች ራሱ በግራውም ያቀብላል። የእኔ ግራ ለመቆሚያ የተፈጠረ ነው፤ ቢሆንም በቅርቡ እጀምራለሁ። ይሄን ካልኩ ስድስት ወር ሆኖኛል።

እና ቅዳሜ። ከግራ መስመር አጠገብ ነኝ፣ አንድ ልጅ ከፊቴ ቆሟል። አጥቂያችን በቀኝ በኩል ሲሮጥ አየሁት። አላሰብኩም። እግሬ ሄደ። ኳሷ ልጁን ዞራ፣ ወደ ቀኝ ታጥፋ አጥቂያችን ደረት ላይ ወረደች። በባዶ ጎል ሳተ። ሳተ! ግን ግማሹ ሜዳ «ኧረ ሞድሪች!» ብሎ ጮኸ። ሲያሾፉም ይሁን ሲያደንቁ አልለየሁትም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያቺኑ ልድገማት አልኩ። ኳሷ አጥር ዘላ ሰው ግቢ ገባች። የእኛ ሕግ ደግሞ ያወጣ ያመጣል ነው። በር አንኳኩቼ ስጠብቅ፣ ውስጥ ውሻ ይጮሃል።