ጥጃ ሜዳ ሲያገኝ

ዛሬ ሱሉልታ አክስቴ ቤት ዋልኩ። ጥጆቿ እንደ ኮንዶሚኒየም ልጅ ጠባብ ቦታ ነው የሚያድጉት። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ታጉረዋል፤ መዞር እንኳ በግድ ነው።

ጋጣው ሲጠረግ ሁለቱን ግቢ ለቀቅናቸው። ወይ ጉድ! ጭራ ሽቅብ፣ የኋላ እግር አየር ላይ። አንዷ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገለበጠችው። ከዚያ ግንባር ለግንባር ገጥመው መገፋፋት።

«ጠግበው ነው» አለች አክስቴ።

ጥጋቡም አለበት። ወተት የተቀነሰበት ወይም ቀንዱ እንዳያድግ በቅርቡ የተተኮሰ ጥጃ ብዙም አይቦርቅም። ግን ታጉሮ የከረመ ጥጃ ሲለቀቅ ከሌላው የበለጠ ይፈነጫል፤ ያልሮጠውን ሁሉ እያካካሰ ነው። ሰፋ ያለ ጋጣ ያለው በየቀኑ ይሮጣል። ጓደኛ ካለው ይታገላል፣ ይላፋል። ደረቅ ጭድ ሲነጠፍለትማ አትጠይቁኝ! የሚያንሸራትት ሊሾ ላይ ግን መዝለል አይደፍርም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ8 ሳምንት በላይ የሆነ ጥጃን ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለብቻ ማጎር ክልክል ነው።

እዚህ መሬቱም ጭዱም ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ጋጣ የሚለየውን አጣና ማንሳት ግን ወጪ የለውም። አክስቴ ተስማምታለች። ስጋቷ አንዱ ሌላውን እንዳይጠባ ነው። ወተቱን በባልዲ ከመጠጣት ይልቅ በጡጦ ቀስ ብለው ከጠቡ ይህ ይቀንሳል። ጡጦውን እኔ እገዛለሁ ብያለሁ። ለጥጃ የሚሆን የት እንደሚሸጥ የምታውቁ፣ እስቲ ኮመንት ላይ ጣል አድርጉልኝ።