የደሴ ብርድና የቤት ውስጥ አኳሪየም

ስለ አኳሪየም፣ ማለትም ዓሣ ስለሚረባበት የመስታወት ገንዳ፣ የሚሰጡ ምክሮች ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንደተሟሉ ቆጥረው ይነሳሉ፤ ቤቱ ሞቃት ነው፣ መብራት አይጠፋም፣ ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ውሃ ይወርዳል። ደሴ ላይ ከሦስቱ አንዱም እርግጠኛ አይደለም። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ሳሎን ውስጥ ያደረ ውሃ እንኳ እጅን ቆንጠጥ ያደርጋል። ውሃው በፈረቃ ነው፤ መብራቱም ሲያሻው ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ ዓሣ ማርባት የሚፈልግ ሰው ገንዳውን ማደራጀት ያለበት ሁሉም ነገር ለሚሠራበት ቀን ሳይሆን መብራትም ውሃም ለጠፉበት ሌሊት ነው ብዬ አምናለሁ። የገንዳው መጠን፣ የዓሣው ዓይነትና ብዛት፣ የማጣሪያው ምርጫ፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው።

ብርዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አየሩን ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ሲሆን፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው የኦክስጅን መጠን ደግሞ በአየሩ ግፊትና በውሃው ሙቀት ይወሰናል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ የ20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውሃ ደሴ ላይ የሚይዘው ከ7 ሚሊግራም በታች ነው፤ ኮምቦልቻ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትሻላለች። ውሃው በሞቀ ቁጥር መጠኑ ይበልጥ ይቀንሳል፤ የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት ግን ይጨምራል። ስለዚህ ደሴ ላይ ውሃውን 28 ዲግሪ አሙቆ ገንዳውን በዓሣ መሙላት ዓሣውን ከሁለት አቅጣጫ ማፈን ነው። ባሕር ማዶ ላሉ አርቢዎች ተብሎ የሚጻፈውን የዓሣ ብዛት እኔ በግማሽ ቀንሼ ነው የምወስደው፤ ይህ የራሴ ጥንቃቄ እንጂ የተደነገገ ነገር አይደለም።

ገንዳውን እዚሁ መስታወት ቤት ማሠራት ይቻላል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 65 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ለዚህ መጠን ባለ 6 ሚሊሜትር መስታወት ይበቃል። መስታወቱን በሚያጣብቀው ሲሊኮን ላይ ግን ድርድር የለም። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ሲሊኮን ዓሣ ሊገድል ይችላል፤ የሚፈለገው ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ሲቀቡት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ነው። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ገንዳውን ግቢ ውስጥ ሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱን ማየት ይገባል። ሲሞላ ከነጠጠሩ ከ70 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ተራ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ጠንካራ መቀመጫ ተሠርቶ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ፣ የመስታወቱ ወለል ክብደቱን እኩል እንዲያሳርፍ ከሥሩ ነጭ ፎም ይነጠፍለታል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ሥር ከተቀመጠ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ሽፋን ይወርሰዋል፤ በር አጠገብ ከሆነ ደግሞ ብርድ ይመታዋል።

ጠጠር ለመግዛት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ከወንዝ ማምጣት ይቻላል። ቦርከናን ለሚያስብ ሰው ግን ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በላይ ካለው ክፍል እንጂ ፍሳሹ ከሚገባበት በታች መውሰድ አይገባም። የመጣውን ጠጠር ሳህን ላይ ዘርግቶ አቼቶ ጠብ ጠብ ማድረግ ጥሩ ፍተሻ ነው። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አቼቶው ሲነካው ዝም ይላል፤ ኖራ ያለበት ግን ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ያወጣና ጆሮ ቢያስጠጉት ሲንጫጫ ይሰማል። አረፋ ያወጣው የውሃውን የኖራ መጠን ቀስ በቀስ ስለሚጨምረው ይወገዳል። የቀረው ይቀቀላል፤ ከዚያም የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ባልዲ ውስጥ እየታሸ ይታጠባል። ሳሙና ግን ለጠጠሩም ሆነ ለገንዳው ፈጽሞ አይነካም።

በውሃ ፈረቃ ምክንያት እያንዳንዱ ቤት በርሜል ወይም ሮቶ ያለው መሆኑ ለዓሣ አርቢ ይጠቅማል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የዓሣውን መተንፈሻ፣ ስንጥቡን፣ ያቃጥላል፤ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲያድር ግን አብዛኛው በንኖ ይጠፋል። ክዳኑ በተጠበቀ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ እንደዚያ አይሆንም፤ በዋዜማው ወደ ባልዲ መገልበጥ ያስፈልገዋል። ውሃ ከብዙ ቀን በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስና ክሎሪን የሚሸት ውሃ ለልብስ ወይም ለወለል ትቶ የኋለኛውን መቅዳት ነው። ሌላው ነገር ሙቀቱ ነው፤ ግቢ ያደረ የሮቶ ውሃ በጠዋት በቀጥታ ገንዳ ውስጥ ቢገባ ዓሣው በብርድ ይደነግጣል። ጥቂት የፈላ ውሃ ቀላቅሎ፣ በቴርሞሜትር እየለኩ፣ ከገንዳው ሙቀት ጋር በ1 ወይም በ2 ዲግሪ እስኪቀራረብ መጠበቅ ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ሥራ ግን በዓይን የማይታየው ነው። ዓሣ በዋናነት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህን አሞኒያ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ በትንሽ መጠን እንኳ መርዝ ሲሆኑ፣ ናይትሬት ግን በብዛት እስኪጠራቀም ድረስ እምብዛም አይጎዳም፤ ውሃ በመቀየርም ይወገዳል። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የሉም ማለት ይቻላል። በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በቅጡ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ማሞቂያ በሌለው የደሴ ገንዳ ውስጥ ጊዜው ከዚያ በጣም ይረዝማል። ስለዚህ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያውን አስነስቶ፣ በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ እየጣሉ እንዲበሰብስ ማድረግና መጠበቅ ነው። መመርመሪያ ያለው ሰው አሞኒያና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆኑ ዓሣ ያስገባል። መመርመሪያ የሌለው ሰው ከሁለት ወር ጥበቃ በኋላ ሁለት ሦስት ጠንካራ ዓሦች ብቻ አስገብቶ፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ እየቀየረ ይሄዳል። የውሃው መጥራት ማረጋገጫ አይሆንም፤ አሞኒያ ቀለም የለውም፣ ገንዳው ከምንጊዜውም ይልቅ ኩልል ብሎ የሚታየው ገና አዲስ ሳለ ነው።

የዓሣ ምርጫን በተመለከተ ከብርዱ ጋር ግብግብ መግጠም አልወድም። ቤታ፣ ኤንጅልፊሽና የመሳሰሉት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ ደሴ ላይ ይህን ማሟላት ይቻላል፣ ነገር ግን አንድ ረጅም የመብራት መጥፋት ሁሉንም ያበላሻል። ዜብራ ዳኒዮ 18 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ ችግር ይኖራል፤ ከደቡብ ቻይና የተገኘው ኋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሣማ ቀዝቀዝ ያለውን ውሃ ይመርጣል። ሁለቱም በቡድን ስለሚኖሩ ከስድስት ባያንሱ ይመረጣል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ግን ጋፒና ፕላቲን በትንሽ ማሞቂያ በቀላሉ ያራባል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ወዳጆቹን የጠየቀ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል ተብሎ ሁሉም የሚገዛው ዓሣ ነው፤ መቻሉ እውነት ቢሆንም ሲያድግ 20 ሴንቲሜትር ሊያልፍ የሚችልና ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ በመሆኑ 60 ሊትር አይበቃውም። በክብ ብርጭቆ ውስጥ አንዱን ለብቻው አሥሮ ለጌጥ ማስቀመጥን ደግሞ ዓሣ ማርባት ብዬ አልጠራውም። ማሞቂያ የሚጠቀም ሰው ለ60 ሊትር ባለ 100 ዋት ገዝቶ 22 ወይም 23 ዲግሪ ላይ ቢያቆመው ይበቃል፤ ዝቅ ካለ የማይለዋወጥ ሙቀት ይልቅ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ዓሣን ይበልጥ ያዳክማል።

ዓሣው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና መጓዙ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ የከሚሴን ሙቀት አልፎ፣ እንደገና ሐረጎን ይወጣል። ሻጩ ፌስታሉን አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ ኦክስጅን እንዲያደርግና እስኪወጠር እንዳይሞላው መንገር ያስፈልጋል፤ ከፍታው ሲጨምር በውስጡ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ፌስታል ጣርማ በር ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ዓሣው ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ባይመገብ ውሃውን አያቆሽሽም፤ ፌስታሉም በጋቢ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ቢገባ ከሙቀት መለዋወጥ ይድናል። ሲደርስ ሳይከፈት ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያህል እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። ከተከፈተ በኋላ ግን መዘግየት አይገባም፤ በጉዞ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ የውሃው አሲድነት ይቀንስና እስከዚያ ብዙም ያልጎዳው አሞኒያ መርዝነቱ ያይላል። ዓሣውን በመረብ አውጥቶ ወደ ገንዳው ማስገባት፣ የፌስታሉን ውሃ መድፋት ነው።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው ማጣሪያው ነው። እዚህ ከተማ በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ማጣሪያ ከሌሎቹ ሁሉ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ እንደተገኘ ቱቦውን ነቅሎ እዚያ መሰካት ስለሚቻል ነው። ዋናው ፓምፕ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ወይም ቱቦው ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ፣ መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ሊያቃጥለውና ወለሉንም ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ፓወር ባንክ የሌለው ሰው በየግማሽ ሰዓቱ በጆግ ከገንዳው እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ቢያፈሰው ውሃው አየር ያገኛል፤ ቀንሰን የያዝነው የዓሣ ቁጥር የሚጠቅመውም ያኔ ነው። ገንዳው በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ ለአየር ማስገቢያ ከላይ ጥቂት ክፍተት ይተዋል፤ መብራት እስኪመጣ ምግብ አይሰጥም።

ምግብ ሲባል እንግዳ የመጣ ቀን ጣጣ ነው። የወሎ እንግዳ ዓሣ ሲያይ አንድም ይበላ እንደሆነ ይጠይቃል፣ አንድም ርኅራኄ ይዞት ከያዘው ዳቦ ቆርሶ ይጥላል። ዳቦና እንጀራ ውሃውን ያደፈርሳሉ እንጂ ዓሣውን አይጠቅሙትም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው መፈጨትም ስለሚዘገይ ከዚያም ይቀነሳል።

ሳምንታዊው ሥራ ቀላል ነው። ከአራት እጅ አንዱን ውሃ በጎማ ቱቦ እየሳቡ ከጠጠሩ ላይ ቆሻሻውን አብሮ ማውጣትና ባደረ ውሃ መተካት ነው። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው፤ ቧንቧ ሥር ቢታጠብ ክሎሪኑ ለወራት የተባዙትን ባክቴሪያዎች ይፈጃል። የተደፋው ውሃ ናይትሬት ስላለበት ለጓሮ ጎመን ግሩም ነው።

በሽታን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ነጭ ነጥብ ሲሆን፣ ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ያህል ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፤ ጠጠር ላይም ይታከካል። መድኃኒት የሚገድለው ጥገኛ ተሕዋሲው ከዓሣው ወርዶ በውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቦቹ ጠፉ ብሎ ሕክምናውን ማቋረጥ አይገባም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተሕዋሲው ዕድገት ስለሚጓተት ደሴ ላይ ሕክምናው ከሳምንት አልፎ ወደ ሳምንታት ይሄዳል። አዲስ የመጣ ዓሣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ተለይቶ ቢቆይ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ ከዚያ ትንንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይዞ መጥቶ ገንዳ ውስጥ ለማሳደግ የሚያስቡ ልጆች አሉ። ቆሮሶ ግን የሚያድገው ለምጣድ እንጂ ለ60 ሊትር አይደለም፤ ከዱር የመጣ ዓሣም ተባይ ይዞ ይመጣል። የባሰው ተቃራኒው ነው፤ የሰለቹትን የገንዳ ዓሣ ወስዶ ሐይቅ ወይም ቦርከና ውስጥ መልቀቅ። የሐይቁ ቆሮሶ ራሱ በ1970 ዓ.ም. ግድም በሰው እጅ የገባ ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ ዓሣ ተመልሶ አይወጣም። ዓሣው ከበዛ ለጎረቤት ወይም ለዘመድ መስጠት ይቻላል። ሲሰጥ ታዲያ ከማጣሪያው ስፖንጅ ግማሹን ቆርጦ፣ እርጥብ እንዳለ ከዓሣው ጋር መላክ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ አብረው ስለሚሄዱ ተቀባዩ የሚጠብቃቸው ሳምንታት በእጅጉ ያጥራሉ።