ኤልደን ሪንግ ሲገድል ምን ይወስዳል፣ ምን ይተዋል

ስለ ኤልደን ሪንግ የሚወራው ያው ነው፤ ከባድ ነው፣ ያለ ርኅራኄ ይገድላል፣ ማቅለያ የለውም። ይህ እውነት ነው። ፍሮምሶፍትዌር የሚባለው የጌም ኩባንያ ይህን ጌም ያወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ በ2009 በዲመንስ ሶልስ ጌም የጀመረውን መንገድ የሚቀጥል ስለሆነ «ቀላል» የሚል ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። እኔን ግን ጌሙን እስከ መጨረሻው እንድጫወተውና ደጋግሜ እንድመለስበት ያደረገኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቅጣቱ ከሚወራለት በጣም ያነሰ ነው። ስትሞቱ ምን እንደሚወሰድባችሁና ምን እንደሚቀርላችሁ ለይታችሁ ስታውቁ አጨዋወታችሁ በሙሉ ይለወጣል።

የሚወሰደው ሩን ብቻ ነው። ሩን ሌቭል የሚጨመርበትም ዕቃ የሚገዛበትም ገንዘብ ነው። ስትሞቱ በሞታችሁበት ቦታ ይቀራል፤ ተመልሳችሁ ካነሳችሁት ሙሉው የእናንተ ነው፣ ሳትደርሱበት እንደገና ከሞታችሁ ግን ጠፋ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ይቀራል። ያነሳችሁት ሰይፍ፣ ካርታው፣ የከፈታችሁት አቋራጭ በር፣ የነካችሁት ግሬስ (የምታርፉበትና ስትሞቱ የምትነሱበት የብርሃን ቦታ)፣ የገደላችሁት ቦስ (ከተራው የሚከብድ ታላቅ ጠላት)፣ አንዱም ከእጃችሁ አይወጣም። ጎልደን ሩን የሚባሉት ዕቃዎች እንኳ፣ ትንሹ 200 ሩን የሚሰጠው፣ እስካልተጠቀማችሁባቸው ድረስ ብትሞቱም ቦርሳችሁ ውስጥ ይቆያሉ። እኔ እነሱን አጠራቅማለሁ፤ ለቀጣዩ ሌቭል ትንሽ ሲጎድለኝ ግሬስ ላይ ተቀምጬ የጎደለኝን ያህል ብቻ እሰብራለሁ።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ግልጽ ነው። ሩን ሲኖር ወዲያው ማጥፋት፣ ከዚያ ባዶ ኪስ ይዞ ወደሚያስፈራው ቦታ መሄድ። ሩን የሌለው ሰው ቢሞት የሚያጣው የመንገዱን ርቀት ብቻ ነው፣ በሩጫው መሃል ያነሳው ዕቃ ግን ይቀርለታል። ጭራቅ የሞላበት ካምፕ ውስጥ በፈረስ ገብቶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ተገድሎ መውጣት በዚህ ጌም ውስጥ ትርፍ ነው።

ከመጀመሪያው ዋሻ ወጥታችሁ ሊምግሬቭ ሜዳ ላይ ስትደርሱ የወርቅ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ፊት ለፊት ይመላለሳል። ትሪ ሴንቲኔል ይባላል። አሁን አትንኩት፤ በዛፎቹ ጥግ ዞራችሁ ቸርች ኦፍ ኤሌ ወደሚባለው ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። መሣሪያ የሚጠነክርበት ጠረጴዛ እዚያ አለ። ከዚያ መንገዱን ተከትላችሁ እስከ ጌትፍሮንት ሂዱ፤ የአካባቢው ካርታ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ሐውልት ሥር ነው። በየሜዳው ያሉትን ግሬሶች እያረፋችሁ ከሄዳችሁ ሜሊና ትመጣና ሌቭል የመጨመር ዕድሉንም ቶረንት የሚባለውን ፈረስም ትሰጣችኋለች። ፈረሱን ካገኛችሁ በኋላ በሌሊት ወደ ቸርች ኦፍ ኤሌ ተመለሱ፤ ሬና የምትባል ሴት መንፈስ የሚጠራበትን ደወልና የሦስት ተኩላዎችን አመድ ትሰጣለች። ተኩላዎቹን ለመጥራት 55 ኤፍፒ (የአስማት ኃይል) ይበቃል፤ ቦስ ከእናንተ ላይ ዓይኑን እንዲያነሳ ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ነገር በመጀመሪያው አካባቢ አላውቅም።

ሩኑን ምን ላይ ላጥፋ ለሚለው የእኔ መልስ ቪገር፣ ጤናን የሚያሳድገው ቁጥር፣ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ጉልበት ላይ ያፈሰዋል፣ ቁጥሩን ስታዩት ግን ሌላ ይነግራችኋል። ቪገር 10 ላይ ጤናችሁ 414 ነው፤ 20 ላይ 652፣ 40 ላይ 1450፣ 60 ላይ 1900 ይሆናል። ከ60 እስከ 99 ያለው 39 ሌቭል በሙሉ የሚጨምረው 200 ብቻ ስለሆነ እዚያ ማቆም ነው። ጤና የሚያስፈልገው ለመዳን ብቻም አይደለም። በሁለት ምት የሚሞት ሰው የቦሱን ጥቃት መጨረሻ ሳያይ ይሞታል፤ አራት ምት የሚችል ግን ጥቃቱ የት እንደሚያልቅና መቼ መልሶ መምታት እንደሚቻል አይቶ ይማራል። ጤና የመማሪያ ጊዜ ነው።

ጉዳቱን የሚያሳድገው ደግሞ ሌቭል ሳይሆን ድንጋይ ነው። ተራ መሣሪያ በስሚዚንግ ስቶን እስከ +25 ይደርሳል፣ ልዩ የሚባሉት ደግሞ በሶምበር ስሚዚንግ ስቶን እስከ +10። በመጀመሪያው ደረጃ ድንጋይ +1 ለማድረስ 2፣ +2 ለማድረስ 4፣ +3 ለማድረስ 6 ያስፈልጋል፤ ባጠቃላይ 12። የቸርች ኦፍ ኤሌ ጠረጴዛ የሚያደርሰው እስከ +3 ነው፤ ከዚያ በላይ ራውንድቴብል ሆልድ በሚባለው አዳራሽ ውስጥ ያለው አንጥረኛው ሂዩግ ነው የሚሠራው። ድንጋዩን ሊምግሬቭ ተነልስ ውስጥ ከዋሻው ግድግዳ ላይ እያብረቀረቀ ታገኙታላችሁ። የሚቆፍሩት ፍጥረታት ቆዳቸው ጠንካራ ስለሆነ ስለት ይነጥርባቸዋል፤ መዶሻ ወይም ዱላ ይሻላል፣ ከሌላችሁ ደግሞ በጎናቸው አልፋችሁ ድንጋዩን ማንሳት ነው።

ፍላስኩንም አትርሱ፤ ቀዩ ጤናን፣ ሰማያዊው ኤፍፒን የሚመልስ መጠጥ ነው። ስትጀምሩ 3 ቀይና 1 ሰማያዊ አላችሁ፤ አስማት የማትጠቀሙ ከሆነ ግሬስ ላይ ማከፋፈሉን መቀየር ይቻላል። ጎልደን ሲድ ብዛቱን፣ ሴክሬድ ቲር ደግሞ የሚመልሰውን ጤና ይጨምራል። ዊፒንግ ፔኒንሱላ፣ ከሊምግሬቭ በስተ ደቡብ ያለው ምድር፣ ሦስት ሴክሬድ ቲር በሦስት ቤተ ክርስቲያኖች ይዟል። በፈረስ ማንንም ሳትገጥሙ ሦስቱንም ለቅማችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ማርጊት፣ ወደ መጀመሪያው ትልቅ ቦስ። ስቶርምቬይል ካስል መግቢያ ላይ ይጠብቃል፣ ብዙ ሰው ጌሙን የሚተወውም እዚህ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጌሙ እንዴት እንደሚያስብ በግልጽ የሚያሳየው እሱ ነው። በትሩን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ እዚያው ያቆየዋል። ዓይን እንቅስቃሴ ሲያይ ጣት ይጫናል፤ ሮሉ (ከምት ለማምለጥ የምትንከባለሉት) አልቆ ስትነሱ በትሩ ገና መውረድ ይጀምራል፣ ልክ እናንተ ላይ። የተሠራው ደንግጦ የሚጫንን ሰው ለመያዝ ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው የበትሩ መነሳት ሳይሆን መውረድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ሮል የሚሠራው በተኑን ስትጫኑ ሳይሆን ስትለቁት ነው፤ ያው በተን ተይዞ ሲቆይ ሩጫ ስለሆነ ጌሙ የትኛውን እንደፈለጋችሁ የሚያውቀው ስትለቁ ነው። ረገጥ አድርጎ የሚይዝ ጣት ሁልጊዜ ይዘገያል። ነካ አድርጋችሁ ወዲያው ልቀቁ። ሁለት ጊዜ መጫንም ሌላ ችግር ያመጣል፤ ጌሙ ሁለተኛውን ጭነት ይይዝና የመጀመሪያው ሮል ሲያልቅ ያስፈጽመዋል፣ እናንተ ልትመቱ ባሰባችሁበት ቅጽበት ገጸ ባሕሪያችሁ እንደገና ይንከባለላል። «ኮንትሮለሩ አልታዘዘኝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። በትሩ ረጅም ስለሆነ ወደ ኋላ የሚሸሽ ሰው ከምቱ አይወጣም፤ ቢወጣም የወርቅ ቢላዋ ይወረወርበታል። ወደ እሱ፣ በጎኑ በኩል ወደ ጀርባው መግባት ነው የሚያዋጣው። ፍላስክ ከርቀት ስትጠጡ ቢላዋውን ስለሚወረውር ረጅሙ ጥቃቱ ሲያልቅ ብቻ ጠጡ። ሩኔን ጨርሼ እገባና በመጀመሪያው ዙር አልመታውም፤ እያንዳንዱ ጥቃት በስንት ምት እንደሚያልቅ ብቻ አያለሁ። ኪሴ ባዶ ስለሆነ ይህ ሞት ምንም አያስከፍለኝም።

ከመግባታችሁ በፊት የሸክም መጠናችሁን እዩ። ከ70 ከመቶ ካለፈ ሮሉ ከባድ ይሆናል፣ ለመነሳትም ይዘገያል፤ የራስ ቁሩን ማውለቅ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ስታሚናን፣ ስትመቱም ስትንከባለሉም የምታልቀውን ትንፋሽ፣ እስከ መጨረሻዋ አትምቱባት፤ ለአንድ ሮል የሚሆን ይቅር። ጋሻ የምትወዱ ከሆነ አካላዊ ምትን 100 ከመቶ የሚያግድ ምረጡ፣ ካገዳችሁ በኋላ ወዲያው ከባዱን ምት ስትጫኑ ኃይለኛ መልስ ይሰጣል። ጋሻ ተነሥቶ ሲቆይ ግን ስታሚና ቀስ ብላ ነው የምትሞላው፤ በጥቃቶቹ መሃል አውርዱት።

እርዳታ የሚፈልግ ሰው ማፈር የለበትም፤ ጌሙ ራሱ አዘጋጅቶታል። ወደ ማርጊት ከሚያስገባው የጭጋግ በር አጠገብ ሮጂየር የሚባለውን አስማተኛ መጥራት ይቻላል። መርክዋተር ኬቭ በሚባለው ዋሻ ውስጥ ፓችስ የሚባለውን ሰው አሸንፋችሁ እጁን ሲሰጥ ከተዋችሁት ደግሞ ማርጊትን ለቅጽበት መሬት ላይ የሚያስር ሰንሰለት በ5000 ሩን ይሸጣል። የሚሠራው ግን በፍልሚያው የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ማርጊት መዶሻ ማውጣት ከጀመረ በኋላ አትጠብቁት።

ካስሉ ውስጥ ስትገቡ ጎስቶክ የሚባል በረኛ ዋናውን በር ትታችሁ በጎን ባለው ቀዳዳ እንድትገቡ ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ዋናው በር ላይ ትልልቅ ቀስት ወርዋሪዎች ተደግነዋል። ሰውየው ግን እዚያ ውስጥ በሞታችሁ ቁጥር ከወደቀው ሩን ከፊሉን ይሰርቃል፣ ስለዚህ ተመልሳችሁ ስታነሱት ጎድሎ ካገኛችሁት አትደነቁ፤ የካስሉ ዋና ቦስ ጎድሪክ ጋ እስክትደርሱ ድረስ በየግሬሱ እየቆማችሁ ሩኑን ጨርሱት።