«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

የመጀመሪያው የኮሌጅ እንግሊዝኛ ድርሰቴ ታርሞ ሲመለስልኝ፣ መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነበሩ። በጨዋ ቋንቋ ቢተረጎሙ «ታዲያ ምን ይሁን?» እንደማለት ናቸው። እኔ ጆሮ ላይ ያቃጨለው ግን «ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚለው ነው። ከሥሩ ሲ ማይነስ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የጻፍኩት አምስት ገጽ!

ርዕሱ «ቋንቋና ማንነት» ነበር። «ቋንቋ መግባቢያ ብቻ ሳይሆን የማንነት መገለጫም ነው» ብዬ ነው የጀመርኩት። ያኔ በጣም ኮርቼበት ነበር። ችግሩ «የለም፣ ተሳስተሃል» ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን፣ ሁሉም የሚስማማበትን ነገር ለአምስት ገጽ አስረዳሁ። ለቀባሪው አረዱት ይሉት ነገር።

ቅሬታዬን ይዤ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። ብዙም አልተከራከሩኝም። «እስቲ ይህን አንብብና ተመለስ» ብለው ስለ አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ስለ ዊልያም ላቦቭ ጥናት የሚተርክ ምዕራፍ ሰጡኝ። ላቦቭ በ1962 ኒውዮርክ ውስጥ ወደ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ገባ። አንዱ ውድ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ርካሽ። አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ያወቀውን ዕቃ እየጠራ «የት ነው የማገኘው?» ይላቸዋል ሻጮቹን። «አራተኛ ፎቅ» ይሉታል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ቃላት ውስጥ «ር» አለች። እሱ ያልሰማ መስሎ እንደገና ይጠይቃል፤ እነሱም ጠንቀቅ ብለው ይደግሙለታል። ከዚያ ዞር ብሎ «ር»ዋ ተነገረች ወይስ ተዋጠች የሚለውን ይመዘግባል። እንዲህ እያለ 264 ሠራተኞችን አዳረሰ። «ር»ዋ ውዱ መደብር ውስጥ በብዛት ተሰማች፣ ርካሹ ውስጥ በብዛት ተዋጠች፣ መካከለኛው መሃል ላይ ቀረ።

ምዕራፉን ጨርሼ ትንሽ አፈርኩ። ሰውዬው የጻፈው እኮ እኔ በጻፍኩበት ጉዳይ ነው። ቋንቋ የሰውን ቦታ ይናገራል ነው የሚለው። ግን ይህን ያለው በአንዲት ድምፅ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ድርሰት ስለ አንዲት ሐረግ ጻፍኩ። የክፍላችን ልጆች ሐሳብ ከመስጠታቸው በፊት «ልሳሳት እችላለሁ፣ ግን» የሚሉት መቼ ነው? ሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዝኩ። እንደገመትኩት ሲጠራጠሩ አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሏት እርግጠኛ ሲሆኑ ነው፤ በተለይ ከእነሱ በፊት የተናገረውን ሰው ሊቃወሙ ሲነሱ። የትህትና ጋሻ ናት። (ማስታወሻ እንደምይዝ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም ነበር። ሲያውቁ ሁለቱ ተቆጡኝ፤ እውነታቸውን ነው። የእነሱን ንግግር አውጥቼ እንደገና ጻፍኩት። ሰው ላይ የምትጽፍ ከሆነ አስቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ።)

ይኸኛው ቢ አገኘ። አስተያየቱ ግን አዲስ ነበር፦ «ዋናው ሐሳብህ ያለው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። ለምን ደበቅከው?»

አልደበቅኩትም። ብዙ ካሰብኩበት በኋላ አንድ ማብራሪያ አገኘሁ፤ ሳይንስ አይደለም፣ የራሴ ግምት ነው። አማርኛ ግሡን ለመጨረሻ ያቆያል። «ልጁ ትናንት ማታ መጽሐፉን ከጓደኛው» ብለን ቆም ብንል፣ ተዋሰ ይሁን ሰረቀ ገና አልታወቀም። ሰሚው ታግሦ ይጠብቃል። እኔም ድርሰቱን እንደ አንድ ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነበር የምገነባው። ማስረጃ፣ ማስረጃ፣ ማስረጃ፣ ከዚያ ፍርዱ። የኮሌጅ እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ይህን ትዕግሥት አልለመደም። የምትከራከርበትን ሐሳብ፣ እነሱ ቴሲስ የሚሉትን፣ የመጀመሪያው አንቀጽ መጨረሻ አካባቢ ይፈልገዋል።

መፍትሔው አስቀድሞ ቴሲስ ማውጣት መሰለኝ። ሞከርኩት፣ አልሆነም። ሳልጽፍ ምን እንደማስብ አላውቅማ! እንግሊዝኛው ድርሰትን የሚጠራበት ኤሴይ የሚለው ቃል ራሱ ፈረንሳይኛው ውስጥ «ሙከራ» ማለት ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴይን በ1580 ጽሑፎቹን አሳትሞ ይህን ስም ሲሰጣቸው ሐሳቡን እየፈተነ እንደሆነ መናገሩ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ረቂቅ እንደፈለገ እንዲሄድ መልቀቅ ጀመርኩ። ሲያልቅ መጨረሻው አንቀጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጦ አገኛለሁ፤ አንድ ሰው «አይ!» ሊለው የሚችል። ያንን ቆርጬ ወደ መጀመሪያው ገጽ እወስደዋለሁ። የድሮውን መግቢያ በሙሉ እሰርዛለሁ። ከዚያ ድርሰቱን ከዚያ ዓረፍተ ነገር ተነሥቼ እንደገና እጽፈዋለሁ። አዎ፣ እንደገና። ሥራው እጥፍ ነው። ሌላ መንገድ ያለው ካለ ይንገረኝ።

ሥነ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የተሰጠን የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኬት ሾፒን «የአንድ ሰዓት ታሪክ» ነበር። በ1894 የታተመ፣ አንድ ሺህ ቃል ገደማ የሆነ አጭር ልብ ወለድ። ልበ ድኩም የሆነች ሴት ባሏ በባቡር አደጋ እንደሞተ ትሰማለች። ታለቅሳለች። ክፍሏን ዘግታ መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ቀስ በቀስ ከሐዘኑ ሌላ ስሜት ይመጣባታል፤ «ነጻ፣ ነጻ፣ ነጻ!» ትላለች ለራሷ። ከዚያ ባልየው በሩን ከፍቶ ይገባል። ጭራሽ አደጋው አካባቢ አልነበረም። እሷ ወዲያው ትሞታለች። ሐኪሞቹ የገደላት ደስታ ነው ይላሉ።

ስለ ደራሲዋ ሳነብ አባቷ በ1855 በባቡር አደጋ መሞቱን አገኘሁ። ባሏም በ1882 ሞቶባታል። «በቃ ተገኘ!» አልኩ። አንድ ገጽ ተኩል ስለ ሕይወቷ ጻፍኩ። መምህሬ በረቂቁ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አሰመሩበት፦ «ይህ ስለ ደራሲዋ ነው። ታሪኩ የታለ?»

ሕይወቷ ባቡሩ ከየት እንደመጣ ሊያስረዳ ይችል ይሆናል። ታሪኩ እንዴት እንደሚሠራ ግን አይነግረኝም። ሁለተኛው ሙከራዬም ከዚህ አይሻልም። መስኮቱ ተስፋ ነው፣ ሰማዩ ነጻነት ነው፣ ወፎቹ ነፍስ ናቸው፣ ወንበሩ እንኳ አልተረፈኝም። ሰምና ወርቅ መፍታት የለመደ ሰው ወርቅ ሳያወጣ አይተኛም መሰለኝ። ግን ቅኔ ላይም ቢሆን ወርቁ የሚወጣው ከኅብረ ቃሉ ነው። ቃሉን በጣትህ መንካት ካልቻልክ ወርቁን የፈጠርከው አንተ ነህ።

ሲጨንቀኝ ታሪኩን በእጄ ገለበጥኩት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። በኮምፒውተር ኮፒ አድርጎ መለጠፍ አይደለም፤ በእስክሪብቶ። እጅ ዓይን የሚዘልለውን አይዘልልም። ስገለብጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሴትዮዋ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ሚስዝ ማላርድ» ናት፤ የባሏ ስም። ከዚያ በኋላ «እሷ» ብቻ። የራሷ ስም የሚመጣው ነጻ ነኝ ካለች በኋላ ነው። እህቷ በር ላይ ተንበርክካ «ሉዊዝ፣ በሩን ክፈቺ!» ትላለች። መጨረሻ ላይ ባልየው ሲመጣ ደግሞ ምን ትባላለች? «ሚስቱ»። የባል ስም፣ የራሷ ስም፣ ከዚያ ስም የሌላት ሚስት። ደራሲዋ አንድ ሺህ ቃል ውስጥ ይህን ሁሉ አድርጋለች።

ረቂቁን ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ሰጠሁት። አነበበውና «እህቷ አይደለች እንዴ?» አለኝ። «እህት እህቷን በባሏ ስም ልትጠራት ነው? ሉዊዝ ማለቷ ምን ይገርማል?»

ዝም አልኩ። ልክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ጠዋት የገለበጥኩትን ወረቀት እንደገና አነበብኩና መልሱን እዚያው አገኘሁት። የባሏን ሞት ያረዳቻትም ይህችው እህት ናት፤ መጀመሪያው ላይ። ግን እዚያ ላይ ደራሲዋ የእህትየዋን ቃል አታሰማንም። በተቆራረጠ ንግግር ነገረቻት ብላ ራሷ ትተርክልናለች። የእህትየዋን ድምፅ፣ ከድምፁም ጋር ስሟን፣ ለበሩ ትዕይንት አቆይታዋለች። እህት ሉዊዝ ማለቷ አይገርምም። መቼ እንድትል እንደተፈቀደላት ግን ይገርማል። ያንን ተቃውሞ ከነመልሱ አንድ አንቀጽ አድርጌ አስገባሁት። ከድርሰቱ ሁሉ ጠንካራው አንቀጽ እሱ ሆነ። ኤ ማይነስ። ከዚያ ወዲህ ረቂቄን የምሰጠው «ጎበዝ!» ለሚለኝ ሰው አይደለም።

የሚዲያው ድርሰት ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ክስተት፣ ሦስት የዜና አውታሮች፣ ሦስት ርዕሰ ዜናዎች። ስለ አንድ ሰልፍ ነው፤ ሰዎች ሞተውበታል። አንዱ «በሰልፉ ላይ ሰዎች ሞቱ» ይላል። ሌላው «በተኩስ ሰዎች ተገደሉ»። ሦስተኛው «ፖሊስ ሰልፈኞችን ገደለ»። ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ወዲያው ይታየዋል፤ አንዲት «ተ» ገብታ ገዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ ታስወጣዋለች። ሠንጠረዥ ሠራሁ። ባለቤቱ ማነው? ግሡ ምንድነው? መጀመሪያ የተጠቀሰው የማን ቃል ነው? ፎቶው ላይ ያለው ማን ነው? «የመጀመሪያው አውታር እውነቱን ሆን ብሎ ደብቋል» ብዬ ደመደምኩ።

ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። አንደኛ፣ ሆን ብሎ መሆኑን በምን አወቅኩ? እጄ ላይ ያለው ጽሑፉ እንጂ የጸሐፊው ልብ አይደለም። ጽሑፉ ምን እንዳደረገ ማሳየት እችላለሁ፤ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ግን አልችልም። ሁለተኛው ያሳፍራል። ሰዓታቸውን አላየሁም። «ሞቱ» የሚለው ክስተቱ እንደተሰማ የወጣ ነው፣ ገና ማን እንደተኮሰ ሳይረጋገጥ። «ፖሊስ ገደለ» የሚለው ደግሞ በማግስቱ። የጥንቃቄን ቋንቋ ከተጣራ ዜና ጋር አስተያይቼ «አድልዎ» አልኩት። ይህን ያገኘሁት ከማስረከቢያው አንድ ቀን በፊት ነው። ሦስቱንም የማግስቱን ዕትሞቻቸውን ፈልጌ እንደገና አስተያየሁ። ልዩነቱ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም፤ አንዱ አውታር ማግስቱንም «ሞቱ» ላይ ጸንቶ ነበር። አሁን የምጽፈው ነገር አገኘሁ።

ስለ ጥቃቅኑ ብዙ አልልም፤ ኤምኤልኤ የሚባለው የድርሰትና የጥቅስ አጻጻፍ መመሪያ ላይ ሁሉም አለ። ስለ ልብ ወለድ ስትጽፍ ግሡ የአሁን ጊዜ ነው፤ ሉዊዝ «ትቀመጣለች» እንጂ «ተቀመጠች» አይባልም። ከአራት መስመር የበለጠ የስድ ንባብ ጥቅስ ገባ ብሎ ለብቻው ይቀመጣል፣ የትእምርተ ጥቅስ ምልክትም አይደረግበትም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ማስታወሻ ስትይዝ የሌላ ሰው ቃል ከሆነ እዚያው ወዲያው ምልክት አድርግበት፣ ገጹንም ጻፍ። እኔ አንድ ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ ያገኘሁትን አሪፍ ዓረፍተ ነገር የራሴ መስሎኝ አስገብቼው ነበር። ልጨርስ ስል «እኔ እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ከየት አመጣሁ?» ብዬ ጠረጠርኩ። ፈልጌ አገኘሁት፤ ከአንድ ሃያሲ መጽሐፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ነበር። ያዳነኝ የእንግሊዝኛዬ ድክመት ነው ማለት ይቻላል። ሳይታይ ቢያልፍ ኖሮ «አላወቅኩም» ብል ማን ይሰማኛል?

ከማስረከቤ በፊት ደግሞ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ በር ዘግቼ። ምላሴ የተደናቀፈበትን እቆርጠዋለሁ።

የኮርሱ የመጨረሻ ድርሰት ኤ ሆኖ ተመለሰ። ግርጌው ላይ ያው ቀይ እስክሪብቶ ነበር፦ «መግቢያህ አሁንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይረዝማል።» ሄጄ አየሁት። አንዱ እውነትም ትርፍ ነበር። ሁለተኛውን ግን አልቆርጠውም፤ ክርክሩ የቆመው እሱ ላይ ነው። ቢሯቸው ሄጄ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ታዲያ ይህን ምክንያትህን ድርሰቱ ውስጥ ለምን አልጻፍከውም?» አሉኝ።